የዘለልኩት መዝሙር

ልጄ ዳርላ፣

መርከብሽ የትም ትሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ በቆሎውም አምሮበታል። ፖስተኛው ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ ሳያደርስልን፣ እጁን ብቻ እያወዛወዘልን ያልፋል።

በነጻነት በዓል፣ እንደየዓመቱ፣ በጊታሬ የየጦር ክፍሉን መዝሙር ዘፈንኩ። የየክፍሉ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። የባሕር ኃይሉን ግን ዘለልኩት። ሽማግሌው መርከበኛ ቨርጂል፣ «አንተ ዌንደል! እኛን ዓሣ በላን እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ። «አቧራው ጉሮሮዬን ይዞት ነው» አልኩት።

ዓምና ያንኑ መዝሙር ስጫወት ነበር «ባሕር ኃይል እመዘገባለሁ» ያልሽው። ምነው ያን ቀን ጉሮሮዬን በያዘው ኖሮ!

እናትሽ ተራዋ የደረሰ መስሏት ቀድማ ተነሥታ ነበር። መዝሙሩ ሲቀርም አልተቀመጠችም፤ ሰው ሁሉ እስኪበተን እንደቆመች ነበረች።

አንዲት መስመርም ብትሆን ጻፊላት። እግዚአብሔር በደኅና ወደ ቤትሽ ይመልስሽ።

አባትሽ ዌንደል