አንደኛነት በቼክ አይገኝም

ለታላቅ ወንድሜ ለቨርነን፣

ከባለቤትህ ከግሌንዳና ከላሞችህ ጋር እንደምን ከርመሃል? እኔ ከዚህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የነብራስካ ነፋስ የሜዳችንን መረብ ሁለት ጊዜ ቀደደው፤ ሁለቴም በእጄ ሰፋሁት።

የማሠለጥነውን የኮሌጃችንን የሴቶች ቴኒስ ቡድን በገንዘብ የሚደግፈውን ትራክተር ሻጩን ሃስኬልን ታስታውሰዋለህ? ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ፣ "ልጄ አንደኛ ሆና ካልተሰለፈች ከእኔ ሳንቲም አትጠብቂ" አለኝ። "እኛ ጋ አንደኛነት በጨዋታ እንጂ በቼክ አይገኝም" አልኩት። ወዲያው ሜዳ ወጥተን ፊቱ ልጁን ኬንድራን ከአንደኛዋ ከሮዛሊንድ ጋር አጫወትኳት፤ ሁለት ለባዶ ተሸነፈች። እሱም ቼኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በማግስቱ ግን ኬንድራን ከሁሉም ቀድማ መጥታ ሜዳውን ስትጠርግ አገኘኋት። "አባቴ ትራክተሩን ይሽጥ፤ እኔ እንደ ወትሮዬ ሦስተኛ ሆኜ እጫወታለሁ" አለችኝ።

ሰኞ ደግሞ የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ጠርቶ፣ "ዶሪን፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ አለዚያ ለሥራሽ ዋስትና የለኝም" አለኝ። "ለምኑ? ልጁ ስለተሸነፈች?" ብዬው ወጣሁ። ሌላ ደጋፊ እስኪገኝ ሚኒባሱን ራሴ እነዳለሁ፤ የልጆቹን ሳንድዊችም ራሴ እሠራለሁ። አንገቴን ግን አልደፋም። ስለ እኔ አታስብ።

ግሌንዳን በጣም ሳምልኝ። ከጋራዥህ በላይ ያለችው ክፍል አሁንም ባዶ ናት? ደረጃዋስ ስንት ነበር? እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።

ጤናውን ያብዛልህ፤
እልኸኛዋ እህትህ ዶሪን