ቀዩ ፋኖስና የእመቤታችን ስም

ለማከብርህ ወንድሜ ለአቶ ሣህለ ማርያም፤
አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ወይዘሮ ስንዱስ ከወባው ተነሣችን? ልጆቹ ዳዊት ይደግማሉ ወይስ ነገራቸው ሁሉ ሰልፍ ብቻ ሆነ? እኛ፣ አምላከ ጊዮርጊስ ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልህ ግን ነፍሴ ተጸይፋ ነው።

የላክኸው ፋኖስ ደርሷል። እግሩ ናስ፣ አንገቱ በወርቅ ቅብ ያጌጠ፣ መስተዋቱ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ ነው። ሌላውን በጌጥ ወዳድነት ስገሥጽ የኖርሁት እኔ ተደስቼ ከአትሮንሴ አጠገብ አኖርሁት።

ለሞጣ አንድ ደብር ተአምረ ማርያም እየጻፍሁ ነው፤ ለአስተርዮ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። እንደ ሥርዓታችን ጥቁሩን እጽፍና የስሟን ቦታ ባዶ ትቼ ኋላ በቀይ ቀለም እሞላዋለሁ። ቀን የሞላሁትን ስምንት ቅጠል ማታ በፋኖስህ ላርም ብቀመጥ የስሟ ቦታ ሁሉ ባዶ ሆኖ ታየኝ። ረስቼው ነው ብዬ እንደ ገና ሞላሁት፤ እርጥቡ ቀለም ጥቁር መስሎ ይታይ ነበርና አልጠረጠርሁም። ባለቤቴ ፈንታነሽ በአጠገቤ የልጃችንን የሰርግ ቀሚስ በቀይ ክር ትጠልፍ ነበር። «መሪጌታ፣ ክሩ ጠፋብኝ፤ ይህ ፋኖስ ቀይ ይበላል» አለችኝ። «ዓይንሽ ደክሞ ፋኖስ ታሚያለሽ!» ብዬ ገሠጽኋት።

ሲነጋ ብራናውን ፀሐይ ላይ ባወጣው ስሟ በስሟ ላይ ተደርቦ፣ ቀዩ በቀዩ ተጨማልቆ አገኘሁት፤ በቀይ ብርሃን የደረቀ ቀይ ቀለም አይታይም ኖሯል። ልፋቀው ብል ብራናው ሳስቶ ተቀደደ። ፈንታነሽን በልጆቻችን ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። የአጎታችን ልጅ ፋንታ ግን አይቶ ሳቀና፣ «ስሙ ደመቀ እንጂ መች ጎደለ! ስጣቸው፣ ማን ያውቅብሃል?» አለኝ። ከፋኖሱ ይልቅ ይህን ቃል ተጸየፍሁት።

ስለዚህ ሞጣ ድረስ ሄጄ ጥፋቴን ለአለቃው ራሴ ተናገርሁ። እርሳቸውም ለአስተርዮ ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ ጸሐፊ እንደሚሰጡት በትሕትና አስታወቁኝ። ሠላሳ ዓመት የጻፈ እጅ እንዲህ ሲባል መስማት መራራ ነው።

ከዚያ ሌላ ፋኖስ ልመርጥ እዚያው ሞጣ ሱቅ ገብቼ፣ አንድ ቅጠል ብራናና የፈንታነሽን መርፌ ከቀይ ክር ጋር አውጥቼ፣ ባለ ሱቁን በሩን ዝጋልኝ አልሁት። «የኔታ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ የሚያዘጉኝ ፋኖስ ሊገዙ ነው ወይስ ጋኔን ሊያስወጡ?» ብሎ ተሳለቀ። «ጋኔኑማ ባለፈው በቀይ መስተዋት ቤቴ ገብቷል» አልሁት። መጀመሪያ ያበራው ማሾ፣ በፓምፕ የሚነፋው ፋኖስ፣ እንደ እባብ ያፏጫል፤ ዓይንም ይወጋል። መስተዋቱ ነጭና ጥርት ያለ፣ እሳቱ የማይዋልል ተራ ፋኖስ ግን ከግራዬ ሳኖረው የእጄ ጥላ ከጽሕፈቱ ወጣልኝ፤ ክሩም በአንድ ጊዜ በመርፌው ዓይን ገባ። ባለ ሱቁ «ይህ እኮ የድሀ ነው፤ እንግዳ ምን ይልዎታል?» አለኝ። እንግዳ! ዛሬ ሰው መብራት የሚገዛው ሊያይበት ሳይሆን ሊታይበት ነው። አንተም ከዚሁ ጉባኤ በመቆጠርህ አፍሬአለሁ።

ያን ተራውን ገዝቼ፣ ፋኖስህን ይህን ደብዳቤ በያዘው መልእክተኛ እጅ መልሼልሃለሁ፤ ለጠላ ቤት ይሆናል።

ለወይዘሮ ስንዱ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። ልጆቹን በየስማቸው ሳምልኝ። እናታችን እመት ወለተ ገብርኤል በመስቀሉ ይባርክህ ይላሉ። ፈንታነሽ ስለ አሳብህ ታመሰግንሃለች፤ ይቅርታም አድርጋልሃለች። እኔ ግን አዲሱ ብራና ተወጥሮ እስኪደርቅ፣ ስምንቱም ቅጠል እስኪሞላ ቆየኝ።

ወንድምህ መሪጌታ ወልደ ኪዳን
ቢቸና፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.