ከዳር የሚጀመር ጨዋታ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለየትናየት፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ እህል ትቀምሳለች? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ወባዋም ዘንድሮ እስካሁን አልጎበኘችኝም። ስልኩ እናንተ ዘንድ አልገባ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለአገራችን ልጅ ለባየልኝ ሰጥቼዋለሁ፤ አጨዳውን ጨርሶ ወደ አገር ቤት እየተመለሰ ነው።

የወንድማችንን የእንግዳውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ከቡሄ በፊት ገዳሪፍ አካባቢ እርሻ ሊሠራ ድንበሩን ከተሻገረ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። እማዬ ሂድና ይዘኸው ና ብላ ልካብኛለች። እታለም፣ እንቅልፍ የለኝም። ማዶው ጦርነት ነው፤ መንገዱም ላይ ሰው ይታገታል። ባለፈው ሳምንት ጓዜን ሸክፌ ልሻገር ስነሣ ኡመይር ከለከለኝ።

ኡመይር ከካርቱም ሸሽቶ መጥቶ እዚህ መተማ ዮሐንስ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሥራ ስወጣ ሱቁ በረንዳ ላይ ቼዝ እንጫወታለን። አንቺ ያስተማርሽኝ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ መሀሉን መያዝ ነበር። እሱ እንደዚያ አይጀምርም። በንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት ያለውን ወታደር ይገፋል። በንጉሡ በኩል ደግሞ የፈረሱን ወታደር አንድ ቤት ከፍ ያደርግና ሌላኛውን ጳጳስ እዚያ ይሸጉጠዋል። ጳጳሱን እሱ ፊል ነው የሚለው። ከዚያ ጥግ ሆኖ መሀሉን በሰያፍ ያየዋል። መሀሉን ባላጋራህ ይሙላው ይለኛል፤ የሞላውን ሁሉ መጠበቅ ሲያቅተው ከጎን ትመታዋለህ።

ሲያወራው ቀላል ነው፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። የሰሊጥ አጫጅ እጅ ነዋ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ካሳደሩት ፍሬው ይረግፋል፤ እኛ ቆላ ወርደን የለመድነው መሽቀዳደም ነው። ትንሽ እንኳ ሳልታገሥ መሀል ላይ ወታደር እገፋና የራሴን ጳጳስ መንገድ እዘጋለሁ። ኡመይር ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ማን አሯሯጠህ እያለ ይስቅብኛል።

ልታገሥ ስል ደግሞ አበዛሁት። ዳር ዳሩን ስል የእሱ ወታደሮች መጥተው አጨናነቁኝ፤ ፈረሴ የሚረግጥበት ቤት አጣ። ያን ቀን አልሳቀም። ዳር የተቀመጥኸው ለመሀሉ ብለህ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ካልመታህ ተደብቀሃል እንጂ አልተጫወትህም አለኝ። ይህ ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ ብሏል።

እንዳልሻገር ሲከለክለኝም ከዚሁ ብዙ አልራቀም። ዘለህ አትግባ፣ እዚሁ ሆነህ በሚመላለሱት ሰዎች በኩል አፈላልገው አለኝ። የእንግዳውን ፎቶ ለኡመይር አማች ለሰፍዋን ሰጠነው፤ ሰፍዋን የሽንኩርት መኪና ይዞ ገዳሪፍ የሚመላለስ ሰው ነው። እስካሁን አልተመለሰም። መኪና በመጣ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ወደ ኬላው እሮጣለሁ። እውነቱን ልንገርሽ እታለም፣ እየጠበቅሁ ይሁን እየፈራሁ ለራሴም አልለየልኝም። እስከ ቁስቋም ወሬ ካልመጣ ግን እሻገራለሁ። ይህን ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ አንቺ ግን ብቀር የት እንደቀረሁ ማወቅ አለብሽ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼ ፈንቴን በሬው ከሕመሙ ተነሣ ወይ ብሎ ጠይቋል በይልኝ። ጥሩአየሁን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ትንሹ አንዱዓለምም ትምህርቱን እንዳይተው ምከሪው። እማዬ የእንግዳው ሰላምታ የታለ ብላ ብትጠይቅሽ፣ አልተጻፈም በያት። እሱን በዓይኔ ሳላይ በስሙ ሰላም ብዬ ልጽፍ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

ወንድምሽ አንዱአምላክ
መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.