ጠበቃ ነው የተባለው ልጄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከሥራ መልስ።

ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ ከሆስፒታል ወጡ፣ እሰይ። ዳሌያቸው ብረት ገብቶበታል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ስኳራቸው ያው ይወጣል ይወርዳል። ልጃቸው ሜሮን ሁለተኛዋን አርግዛለች፣ አምስት ወሯ ነው። ቶልክነቱን ግን አልተወችም፤ ሆዷን አስቀድማ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስታስተረጉም ነው የምትውለው። የአጃ ሾርባ ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። እትዬ ጽጌ ቀምሰው ጨው አነሰው አሉ። ድነዋል ማለት ነው።

ከትራሳቸው ሥር ደብዳቤ አወጡ። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ገላቸውን የምታጥብላቸው ሰው ጠይቀው የተከለከሉበት። ጠበቃው ልጅሽ አንዴ ይይልኝ አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

ደብተሬ፣ ይኼን ጉድ ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ናሆም ጠበቃ አይደለም። ኳስ ተጫዋች ነው፣ የአሜሪካኖቹን፣ እንቁላል የመሰለችውን በእጅ ይዘው የሚሮጡባትን። ቦታው የተከላካዮቹ ጋ ነው። ኳሷን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ሮጦ ገጭቶ መጣል፣ ሥራው እሱ ነው። ጀርመን አገር ደሞዝ እየተከፈለው። ሰው ምን ይሠራል ሲለኝ በማውቃት ኖርስክ፣ በኖርዌዮቹ ቋንቋ፣ ፎርስቫረር ነው፣ ተከላካይ፣ እላለሁ። ለካስ ፍርድ ቤት የሚቆመውም ፎርስቫረር ነው የሚባለው! ቤ/ክ ውስጥ የጠበቃው እናት ተባልኩ። የፊት ወንበር ይለቀቅልኛል። ሰባት ዓመቴ። አላረምኩም። ስወለውል ውዬ እግሬን ያመኛል፣ ወንበሩ ደግሞ ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21።

ናሆም የዓመቱ ጨዋታ ካለቀ ጀምሮ እኔ ጋ ነው፣ ወር ሆነው። የጠበቃውን ነገር ስነግረው በሳቅ ሞተ። ኮሙኑን ወገቡን ይዤ አነጥፍልሻለሁ አለ። እኔም ሳቅኩ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼው። የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን መስመር። ቀልዱ ነው አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ሲል ዞርኩ። ጣቱ መስመሩ ላይ ተተክሏል። ግንባሩ ላብ።

ብርሃኑ አይመችም አለኝ። ስድስት ሰዓት ነው እኮ፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተሰጥታለች። ገብቶ መጋረጃ ዘግቶ ተኛ። ደብዳቤው እዚያው ቀረ።

ይኼ በዘጠኝ ዓመቱ የእኔን ደብዳቤ ሁሉ ያነብልኝ የነበረ ልጅ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ጤፍና በርበሬ እንዲያመጣ ግሮንላንድ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ሰፈር፣ ልኬው ነበር። ስልክ ደወለ። «እማዬ፣ የእኛ መግቢያ የቱ ነው?» አለኝ። በመስኮት አየሁ። ታች ቆሟል፣ ከረጢቱን ይዞ፣ አንዱን በር ያያል፣ ሌላውን ያያል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ቤት። በነጠላ ጫማ ወረድኩ። ሲያየኝ ሳቀ። ቀልዴን ነው አለ።

የሚቀልድ ሰው ከረጢት እንዲያ አጥብቆ አይዝም።

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው። በሐምሌ አንዱን ወሬ በአንድ ስልክ ሁለቴ አወራልኝ። በነሐሴ የአባቱን ሙት ዓመት ረሳ፣ ረስቶ የማያውቀውን። መስከረም ላይ ምድጃውን ለኩሶ ወጣ። ሁሉንም አንቺ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ግን እንደ ወሬ። ድካም ነው እያልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። መድኃኔዓለም።

አልተሳለምኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ክለቡ በውሉ ላይ አንድ ዓመት ሊጨምርለት ነው። ከጨመሩለትም የመጨረሻው ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለዚያ ቦታ ሽማግሌ ነው አሉ። ከሐኪሙ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ብቻ ይፈልጋሉ። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፣ አምስት ሰዓት፣ እዚሁ ፋስትሌገው ጋ፣ መደበኛ ሐኪሙ ጋ። ማታ ራት ላይ እጄን ያዘኝ። ማንም ቢጠይቅሽ ስለ እኔ አንድ ነገር አትናገሪ አለኝ። «በአባዬ አጥንት ማይልኝ።»

ማልኩለት። ምን ላድርግ? ዓይኑ የአባቱ ዓይን ነው። አልናገርም አልኩ።

እንዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ። የጨዋታውን ቪዲዮ ይልክልኝ ነበር። እሱ ሮጦ ሲገጭ፣ ያ ድምፅ፣ በር በንፋስ እንደሚላተም። ሰውዬው ሲወድቅ እልል እል ነበር። እዚህች ወጥ ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን፣ ጎረቤት እስኪያንኳኳ። አንዴ እሱም አብሮ ወድቆ ቆይቶ ተነሳ። ያን ጊዜም እልል አልኩ። ልጄ ጣለው ብዬ። የማን ጭንቅላት እንደሚመታ አንድ ቀን አላሰብኩም። ምን ዓይነት እናት ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30።

ቤ/ክ ወንበሩን ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም፣ ከኋላ ቆምኩ። እግሬ ይመመኝ። ስለ ናሆም ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ደህና ነው ሲባል ደስ ይለዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 1።

ፋስትሌገው ጋ ደወልኩ፣ ከምወለውልበት ትምህርት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሆኜ፣ መጥረጊያዬን ተደግፌ። የናሆም እናት ነኝ አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ጨዋ ናት። ልጅሽ ትልቅ ሰው ነው፣ ስለ እሱ አንድ ቃል ልንነግርሽ አንችልም አለችኝ። አንቺ የምትነግሪን ካለ ግን እንሰማለን አለች። እነሱ መስማት ይችላሉ፣ መናገር አይችሉም። እኔም መናገር አልችልም። ስልክ የያዝን ሁለት ድዳዎች ነን። ታክ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3።

ያውቀዋል። ልጄ ያውቀዋል ደብተሬ።

ዛሬ ድንች እየላጥን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ሁለት ዓመት ሆኖኛል አለ። ሲገጭ ነጭ ብልጭታ አለ፣ ከዚያ ደቂቃዎቹ የሉም። ይነሳል፣ ይጫወታል፣ ማን እንዳሸነፈ ከጓደኞቹ ፊት ያነባል። አብረውት ከተጫወቱት አንዱ የገዛ ልጁን ስም ረስቷል አሉ። የጠፋው አይመለስም እማዬ አለኝ፣ እንደ አየር ጠባይ ዜና። ታዲያ ተው እንጂ አልኩት። እንዳትጨምር። ድንቹን አስቀመጠ።

«ተውኩ እንበል። ማን ነኝ?»

ልጄ ነህ ማለት ነበረብኝ። ያኔ አልመጣልኝም፣ አሁን ስጽፍልሽ መጣ። ምን ይጠቅማል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው የጀመረው፣ ሌላ ሙያ የለው፣ ሌላ ወዳጅ የለው። ወረቀቱን ቢያገኝ ይሄዳል፣ ጨዋታው ሲጀመር ይገጫል፣ የተረፈውም ይሄዳል። ቢከለከል እዚህ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትይኝ ሁለቱም ገደል ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከሰዓት።

ናሆም ስልኩን ለማሠራት ስቶቭነር ወርዷል። ሊፍቱ ተሠራ፣ እትዬ ጽጌ ሜሮንን አስከትለው መጡ። ደብዳቤያቸውን ሊጠይቁ። ተቀምጠው ምርኩዛቸውን እስኪያስደግፉ ጠበቅኩና ናሆም ጠበቃ አይደለም አልኳቸው። ኳስ ነው አልኩ።

ድሮም አውቃለሁ አሉኝ። ሜሮን ከነገረቻቸው አምስት ዓመት ሆኗል። ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ሰጡኝ? ልጁ ወር ሙሉ ተዘግቶ ሲውል ሥራ ልስጠው ብዬ ነው እንጂ አሉ፣ ደብዳቤውንስ ሜሮንም ታነበዋለች። ወንበሩንም እግርሽን ስለሚያምሽ ነው ዝም ያልኩት አሉኝ። አለቀስኩ። ምን ሆንሽ አሉኝ። ምን ልበል? ምያለሁ።

አልተናገርኩም። አንቺን አወጣሁሽ። ሐምሌ ላይ ከፍቼ ሜሮን ፊት አስቀመጥኩሽ። አልጽፍም ብዬ አልማልኩም፣ አላስነብብም ብዬም አልማልኩም። ይኼን ብልጠት እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አባቱም።

ሜሮን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አነበበች። ብዙ ቆየች። ምን ይላል እያሉ እትዬ ጽጌ ጎነተሏት። የሐኪም ቤት ወረቀት ነው አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፦ በሥራ ቢሆን ጎረቤቴ ናቸው ብዬ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ነገ ግን በሥራ አልመጣም አለች።

«በሦስት ሰዓት ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን፣ ናሆም ከመግባቱ በፊት። የተጻፈውን እያስተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ደብተሩን ግን እርስዎ ይያዙት።»

እሺ አልኳት። እትዬ ጽጌ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ ልጁ ይጠላሻል አሉኝ። ምንም ሳላስነብባቸው ገብቷቸዋል። አውቃለሁ አልኩ። ይጥላሽ፣ ግን ስምሽን ይዞ ይጥላሽ አሉኝ፤ ምርኩዛቸውን አንኳኩተው ሄዱ።

ስለዚህ ነገ አንቺን ይዤሽ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አላነበበሽም ነበር። እልልታዬንም ያነቡታል። ያንብቡት። ካልመለሱሽ ደግሞ

ስልክ። ናሆም ነው። ስልኩ ተሠርቶለት ይሆናል። በመስኮት ይታየኛል፣ ታች፣ በሮቹ መሃል ቆሟል፣ ቀና ብሎ የትኛው መስኮት የእኛ እንደሆነ ይፈልጋል። ልውረድ።