የወሩ ገደብ ሳይሞላ

ሐምሌ 11 ቀን 2003፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ፍኖተ ሰላም። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ቢሮ ውስጥ ያለነው እኔና ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ብርቄ።

የምጠብቀውን የተወላጆች ማኅበሩን ድረ ገጽ ከፈትሁ። የወሩ ገደብ ከግማሽ በላይ አልቋል። ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልን የውጭ አገር ድርጅት በወር ይህን ያህል ይታያል ብሎ ገድቦልናል፤ ከሞላ ይዘጋዋል። ባለፈው ወር አምስት ቀን ተዘጋ። ሊቀ መንበሩ አቶ አዱኛ ከአዲስ አበባ የማኅበሩን በዓል ፎቶ ሁሉ ልከው በሙሉ መጠኑ ለጥፊ አሉኝ። አንዱ ፎቶ የመቶ ገጽ ጽሑፍ ያህል ይበላል፣ ሰው ሲበዛ ይዘጋብናል አልኋቸው። አልሰሙኝም። ሲዘጋ ግን በስብሰባ ላይ የተማረ ሰው ያስፈልገናል አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። 

እርግጥ አልተማርሁም። የማውቀውን ያገኘሁት ብርቄ ከምትጥላቸው የተበላሹ የኮምፒውተር መጽሐፍ ቅጂዎች ነው። ገጽ 12 አለኝ፣ 13 የለኝም።

ይህን እችለዋለሁ። የማልችለው የአምናውን ነው። ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ጠዋት ገብቼ የጎብኚ ቆጣሪው ሲሮጥ አየሁ። ደስ ብሎኝ ብርቄን ጠራኋት። ገጹ ተከፈተ። የወንድሜ የአያልነህ ፎቶ፤ ከላዩ መስቀል፣ ከሥሩ ነፍስ ይማር። አዲስ አበባ ሞቶ ኖሯል፤ አቶ አዱኛ ከዚያው ሆነው ለጠፉት። መርዶ የሚነግረኝ ሽማግሌ አልመጣ፣ ዘመድ አልተሰበሰበ፣ ስወድቅ የሚይዘኝ የለ። በኋላ ብጠይቃቸው መረጃ ፈጣን መሆን አለበት አሉኝ። ፈገግ ብለው።

ፈገግታው ከልቤ አልወጣልኝም።

ሐምሌ 13፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጭጋግ። መሪጌታ ጥበቡ ከቡሬ መጡ። ጋቢያቸው ርሷል። የአቶ አዱኛ አጎት ናቸው። ወንድማቸው አቶ ቢተው፣ የአቶ አዱኛ አባት፣ ትናንት ሞቱ። ዛሬ ቀበሯቸው። ልጁ አልሰማም፤ ብቻውን ሰምቶ መኪና እየነዳ ሲመጣ አንድ ነገር ይሆናል ብለው ፈሩ። አዲስ አበባ ያሉት ሽማግሎች ዓርብ ማለዳ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። እኔ የምለጥፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉንና ፎቶውን ሰጡኝ።

«እስከዚያ በአንቺ እጅ ይቆይ፣ ልጄ።»

እሺ አባቴ አልሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ሸኘኋቸው።

በአንቺ እጅ።

ፎቶው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ደግ ሽማግሌ ይመስላሉ። እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። አየኋቸውና ፎቶውን በፊቱ ደፋሁት።

ሒሳቡን ሠራሁ። ሞት ሲለጠፍ ሰው ይጎርፋል፣ ከአገርም ከውጭም። የበዓሉ ፎቶ ሁሉ እንዳለ ከሆነ ገደቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሞላል፤ አቶ አዱኛ ሳያዩት ይዘጋል። ስለዚህ የበዓሉን ፎቶዎች ከገጹ ላይ አነሣሁ። የማኅበሩን አርማ አሳነስሁ። የአቶ ቢተውን ፎቶ በስካነር አስገብቼ የቴምብር ያህል አደረግሁት። አሁን አገር በሙሉ ቢመጣ አይዘጋም።

ብርቄ ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ። ጽዳት አልኋት። ዛሬ ፊትሽ በርቷል አለች።

ላልለጥፈው እችላለሁ። አዘጋጀሁት እንጂ አልለጠፍሁትም።

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ

ያደረግሁትን እንዳደረግሁት እጽፋለሁ።

2፡10 — በሩን ከፈትሁ። ብርቄ አልመጣችም። ለጠፍሁት።

2፡40 — ቆጣሪው መሮጥ ጀመረ።

3፡00 — አልተዘጋም። ገጹን ራሴ ከፍቼ ሞከርሁት። ፈጣን ነው።

3፡15 — አቶ አዱኛ ደወሉ። ድምፃቸው ደስታ አለበት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ደውሎ ድረ ገጹን አይተሃል ወይ ብሎ ስልኩን ዘጋባቸው። በበዓሉ ያደረግሁትን ንግግር ወድደውት ነው መሰለኝ አሉ። ኮምፒውተራቸውን ገና መክፈታቸው ነው።

«ደግሞ ዘጋሽው እንዴ፣ ስንዱ?»

«አልተዘጋም። ፎቶውን አሳንሼዋለሁ። ቶሎ ይከፈታል።»

አብሮዎት ሰው አለ ወይ አልኋቸው። ብቻዬን ነኝ አሉ፣ ለምን ጠየቅሽኝ?  የለጠፍሁትን ማጥፊያው ከፊቴ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ነው። መሪጌታን አሰብሁ፤ የረጠበ ጋቢያቸውን አሰብሁ። አያልነህን አሰብሁ።

እጄን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።

ማውሱን ሲጫኑ ተሰማኝ። ስልኩን አልዘጋሁም። ጆሮዬ ላይ ይዤ ገጹ እስኪከፈትላቸው ጠበቅሁ።