ኮሌታ ብቻ

ይድረስ ለልጄ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን እንደኔው ግትር ሆኖ አልታጠፍ ብሏል።

ከምትሸጥበት ሱቅ የላክልኝ ሸሚዝ ደረሰኝ። እህትህ ኮሌታውን ገልበጥ አድርጋ አየችና «አባዬ፣ ይሄማ የእኛ ፋብሪካ ሥራ ነው!» አለች። ሦስት ዓመት ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ሙሉውን ሸሚዝ አይታው አታውቅም፤ «ለካ እጅም አለው!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። የፋብሪካው አለቆች ሽንት ቤት እንዳትመላለሱ ብለው ውኃ ስለሚከለክሏቸው ኩላሊቷን ያማታል።

«ሥራዬን ታሳጣኛለህ» ብላ ለአለቃዋ እንዳልናገር አስምላኛለች። ያንተ አለቃ ግን ሸሚዛቸውን የሚገዛ ደንበኛቸው ነው፤ ቢጠይቃቸው ይሰሙታል። ለእሱ እንዳላስነግር ደግሞ አልማልኩም። እባክህ ንገርልኝ።

እጅህ ይባረክ፤ ቃልህ ተሰሚ ይሁን። ሸሚዙን ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እህትህ ሥራዋ ላይ ውኃ የጠጣች ዕለት እለብሰዋለሁ።

አባትህ