ያረጋል የመለሰው ልጅ

ለማልረሳሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የክረምት ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይገባል ሲሉ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ደረትሽን ነው። እኛ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነን። እማ ጉልበቷ ቢደክምም ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። በቆሎው ዘንድሮ መልካም ይዟል፤ ማን እንደሚበላው እሱ ያውቃል። ስልኩ ሲመጣ ሲሄድ ነው፤ የምነግርሽም በስልክ የሚባል ስላልሆነ ወደዚያ ለምትሄደው ለትሕትና አደራ ብዬ ልኬልሻለሁ።

ወንድሜ ያረጋል ቀለበት ባሰረልሽ ሰሞን የሰጠሽውን ያን ወፍራም መጽሐፍ ታስታውሺው የለም? ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ጊዜ፣ አስተማሪ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ብሎ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ለአገሩ ሰው ያነበው ጀመር። እንግሊዝኛውን በዓይኑ እያየ በአፉ አማርኛ ያወርደው ነበር። የንጉሡ ታናሽ ልጅ መብራት ይዞ፣ ከተራራው ሥር ያለውን የጨለማ በር ሊዘጋ ሲወርድ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ጎረቤታችን ማሚቱ እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች። የንስሐ አባታችን ቄስ ሃይለ ሚካኤል መጀመሪያ "የአጋንንት ወሬ ነው" ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ኋላ ግን ወንበር አስመጡ።

ታሪኩን ጨርሶልን ነው ያረጋል ለጉዳይ ወደ ቡሬ የወጣው። መንገድ ላይ ከመኪና አወረዱት፤ በዚያው ቀረ። ማን እንዳወረደው፣ የት እንዳደረሱት፣ ደጅ የጠናንበት ሁሉ "አናውቅም" እንዳለን አንቺም ታውቂያለሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥተን ሳለ ባለቪዲዮ ቤቱ ወንዳወቅ በሩ ላይ ትልቅ ሥዕል ለጥፎ አየሁ። ለካ መጽሐፉን ፊልም አድርገውት፣ በአማርኛም ተተርጉሞ መጥቷል። እኔ እንዳላየ ላልፍ ነበር። ማሚቱ ግን መብራት የያዘውን ጎረምሳ አይታ "ይህስ የያረጋል ታሪክ አይደለም?" ብላ ጮኸች፤ ያገራችን ሰው ሁሉ እህሉን ጥሎ መጣ። እማ በዕድሜዋ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። "ልጄ የነገረኝን ልየው" ብላ ቀድማን ገባች፤ ቄሱም ተከተሏት።

መጀመሪያማ ሳቅ ነበር። ንግሥቲቱ ብቅ ስትል ማሚቱ "ይቺ ደግሞ ማን ናት? የኛይቱ ጠይም፣ አንገቷ ንቅሳታም አልነበረች?" አለች። የልጁ ፈረስ ድፍን ጥቁር ሆኖ ሲመጣ ከኋላ ያሉት "ቦራው የታለ? ቦራውን አምጣ!" እያሉ ወንዳወቅን ተቆጡት። ለካ ወንድሜ ለዚያ የባዕድ አገር ልጅ ግንባረ ነጩን የአገራችንን ፈረስ ነበር የጫነለት።

ባለክንፉ አውሬ ከደመናው በላይ እያጉረመረመ ሲመጣ ግን ፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ስበው ከአግዳሚው ሥር ገቡ። አንድም ሰው አልሳቀባቸውም። ወንዳወቅ ሮጦ ድምፁን ቀነሰው። ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ለኛ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል፣ እህቴ። መንደሩ ሲቃጠል ደግሞ አንድ ሽማግሌ "ይህን ለማየት ገንዘብ ከፍለን ገባን?" ብለው ወጥተው ሄዱ።

መጨረሻውን ያረጋል የነገረን እንዲህ ነበር፦ ልጁ በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ እናቱ ደጅ ላይ እህል ስታሰጣ ከሩቅ በአረማመዱ ትለየዋለች። ፊልሙ ላይ ግን በሩ ከውስጥ ካልሆነ አይዘጋም። ልጁ ዘጋው፤ መብራቱም ጠፋ። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ይወርድ ጀመር።

ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። ወንዳወቅ "አልቋል" አለ። ማሚቱ "ምን ያልቃል? መመለሱ የታለ? ቆርጠኸው ነው እንጂ!" ብላ ተነሣችበት። እሱም "እናቴን፣ አልቆረጥኩም፤ ይኸው ነው" አለ።

ይህን ጊዜ እማ ወደ እኔ ዞረች። ያረጋል ከቀረ ወዲህ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ እንደጨረስኩት ታውቃለች። "መጽሐፉስ? እሱስ ምን ይላል?" አለችኝ። ተነሥቼ ነጠላዋን አስተካክልላት ጀመር። ቄሱ ነገሩ ገብቷቸው "ልጅ ለናቱ የነገራት ነው የሚጸናው" አሉ፣ ሊያጽናኗት። እማ ግን "የለም አባ፣ ልጄ ያልተጻፈውን ነው ያነበበልኝ። አንጀቴን አይቶ ነው" አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወሬ አልመጣም፤ እንዳትደነግጪ። ያየ፣ የሰማም የለም። ብቻ እማ በማግስቱ ቀሚሷንም ነጠላዋንም ጥቁር ነከረች። ከቄስ ሃይለ ሚካኤል ጋር ደጅ ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። እሳቸው "እስቲ ትንሽ እንታገሥ" ሲሏት፣ እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ከሩቅ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የያረጋልን የክርስትና ስም በጸሎት ያነሡታል፤ የሚያነሡት ግን እንደ ቀድሞው ከሕያዋን ጋር አይደለም። ማሚቱም መጥታ እማ አጠገብ መሬት ተቀመጠች።

ሽማግሌ ልከውብኛል፣ ምን ልበል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ መልስ የነፈግኩሽ ጠልቼሽ አይደለም፤ አንቺ ከጠበቅሽው ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው። አሁን ተቀበያቸው። ሰውዬው ደግ ከሆነ፣ እናትሽንም የሚያከብር ከሆነ፣ እንቢ አትበዪ።

ይህን ስጽፍ እማ አጠገቤ ነበረች። ለምራቴ ሰላም በይልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ "ከእንግዲህ ምራቴ አትበያት፤ ልጄ በያት" አለችኝ። ምርቃቷን እንዲህ ብላ አስጽፋኛለች፦ ማሕፀንሽ ይለምልም፤ ጎጆሽ ይሙቅ፤ የወለድሽው ከደጅሽ አይራቅ። አሜን በዪ።

ዋርሳሽ መሆን ያልታደልኩት እህትሽ